የቶኖ ፀጥታ

ፀጥታን አወድሶ ግጥም መጻፍ ቀላል ነው። እኔም ጽፌ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ኢዋቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ቶኖ በምትባል በተራሮች የተከበበች ትንሽ ከተማ፣ በአንዲት አሮጊት የእንግዳ ቤት ውስጥ ሆኜ በመጀመሪያው ሌሊት አሥራ ሁለት ስንኞች ቋጠርሁ። ጭጋጉ ነበረበት፤ የታጨደው የሩዝ ማሳ ነበረበት፤ ከሩቅ የሚሰማው የአንድ ውሻ ጩኸት ነበረበት። «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ገብቶበት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀደድሁት። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ያን ወረቀት ለምን እንደ ቀደድሁት ያወጋል፤ አያይዞም ስለ እኛ ስለ ጸሐፊዎቹ አንድ አስተያየት ይሰነዝራል።

በሥራዬ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ ማታ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ። በደመወዜ ብቻ ቢሆን ጃፓንን በካርታ ላይ ከማየት አላልፍም ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቶኪዮው ካትሱሺካ ወረዳ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል። «አንድ ቀን እንኳ መጥተህ እየኝ» እያለ ሲወተውተኝ ከርሞ፣ የአውሮፕላኑን ዋጋ ግማሽ እሱ ከፈለ፤ ግማሹን ዕቁቤ ሲደርሰኝ እኔ ሞላሁ። ቶኪዮ ገብቼ «ቶኖ መሄድ እፈልጋለሁ» ስለው ሳቀብኝ። «እዚያ ደግሞ ምን አለና? ተራራ፣ ሩዝና ሽማግሌ ነው ያለው። ደላንታ ናፍቆህ ከሆነ እዚያው ሄደህ አታይም ነበር?» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ቶኖን የመረጥሁት በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ምክንያት ነው። «የቶኖ ተረኮች» ብለን ልንጠራው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1910 ሲታተም 350 ቅጂ ብቻ ነበር፤ የኅትመቱንም ወጪ የቻለው ደራሲው ራሱ ነው። ደራሲው ያናጊታ ኩኒዮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀን ከፋይል ጋር የሚውል፣ ማታ ወደ ብዕሩ የሚመለስ ሰው ነበርና ገና ታሪኩን ሳነብ ዘመዴ መሰለኝ። ዛሬ ጃፓኖች የሥነ ቃል ጥናታቸው አባት ይሉታል።

ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘን ሺን ሃናማኪ ወረድን። ከዚያም በካማይሺ መስመር ላይ የምትመላለስ ትንሽ ባቡር ተሳፈርን። በዚህ መስመር ያሉት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው በኤስፔራንቶ ቋንቋ የወጣላቸው ቅጽል ስም አላቸው፤ የሃናማኪ ተወላጅ ለሆነውና ኤስፔራንቶን ለወደደው ለባለቅኔው ለሚያዛዋ ኬንጂ መታሰቢያ ነው። የቶኖ ጣቢያ ቅጽል ስም «ፎልክሎሮ» ይባላል፤ ሥነ ቃል ማለት ነው። ተረት በስሟ የገባላትን የባቡር ጣቢያ ሳይ ልቤ ዘለለ።

ከጣቢያው ስንወጣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ከሱቆቹ ብዙዎቹ መዝጊያቸው ወርዷል። ወገባቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ አንዲት አሮጊት በትንሽ ጋሪ ጎመን እየገፉ መጡ፤ ሲያዩን ቆም ብለው እጅ ነሡን። እኛም ጎንበስ አልን። ከዚያ በኋላ እስከ ማረፊያችን ድረስ ሰው አላገኘንም።

በዚያው ዕለት ጆኬንጂ ከሚባለው የቡድሃ መቅደስ ኋላ ወዳለችው ወንዝ ሄድን። እዚያ ካፓ የሚባል የውሃ ፍጡር ይኖራል ይላሉ፤ አናቱ ላይ እንደ ወጭት የጎደጎደ ነገር አለው፤ በውስጡ ያለው ውሃ ከፈሰሰ ኃይሉ ያልቃል። በወንዙ ዳር ከቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ዱባ መሰል አትክልት፣ ኪያር መሆኑ ነው፣ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ካፓው ኪያር ይወዳልና። የከተማዋ የቱሪዝም ማኅበር የካፓ ማጥመጃ ፈቃድ ይሸጣል። ደንብም አለው፦ ሳይጎዱ በሕይወቱ መያዝ፣ አናቱ ላይ ያለውን ውሃ አለማፍሰስ፣ ለማጥመጃ አትክልት መጠቀም። እኔም አንድ ገዛሁ። ሳቅን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ማታ ያን ግጥም ጻፍሁ።

እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛውም አገር ጎብኚ ነበርሁ። ጎብኚ ማለት የደረሰበትን ሁሉ ለራሱ ዕረፍት የተዘጋጀ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። ቶኖ ዝም ብላለች፤ እኔም ዝምታዋ ለእኔ የተሰጠ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ባለቤቲቱ ቁርስ ካበሉን በኋላ በእጃቸው ወደ ጫካው አመለከቱን። «ካፓን ካያችሁ እነሱንም እዩአቸው» ማለታቸው እንደ ሆነ የአክስቴ ልጅ ተረጎመልኝ። በዛፎቹ መካከል ያለውን አቀበት ስንወጣ በመጀመሪያ የታየኝ ተራ የድንጋይ ክምር ነበር፤ አረንጓዴ ሽበት ለብሷል፤ ከሥሩ የምንጭ ውሃ ይሰማል። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዱ ድንጋይ ዓይን አለው። ቀጥሎ ያለው አፍንጫ አለው። ዞር ስል በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ፊቶች ናቸው።

ጎህያኩ ራካን ይባላሉ፤ አምስት መቶዎቹ ቅዱሳን እንደ ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን በዚያ አገር ጽኑ ረኃብ ገብቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የዳይጂጂ መቅደስ መነኩሴ የነበረው ጊዛን ለሟቾቹ ነፍስ ማጽናኛ እንዲሆን ብሎ በጫካው ውስጥ በተበተኑት ድንጋዮች ላይ እነዚህን ፊቶች ቀረጸ። መነኩሴው የሞቱትን ሁሉ በመልክ ሊያውቃቸው አይችልም። ነገር ግን «ብዙ ሰው አለቀ» ብሎ በአንድ ቃል አላለፈም። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ለየብቻ ፊት ሰጠው። አሁን ሽበቱ ፊቶቹን እያለበሳቸው ነው፤ ከአንዳንዶቹ ላይ የቀረው የቅንድብ መስመር ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአንዱ ድንጋይ ፊት ለፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ «እማሆይ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?» አለኝ።

እማሆይ የሁለታችንም አያት ናቸው። ደላንታ ተወልደው፣ በሰባ ሰባቱ ረኃብ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደሴ የወረዱ ሴት ነበሩ። በስተርጅናቸው መንኩሰው ከእኛ ጋር አዲስ አበባ ሲኖሩ፣ ቡና በፈላ ቁጥር በመንገድ የቀሩትን በስም ይቆጥሩ ነበር። ማን የማን ልጅ እንደ ነበረ፣ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደ ቀረ፣ ማን እንደ ቀበረውና ማን ሳይቀበር እንደ ቀረ ይናገሩ ነበር። እኛ ልጆች ነበርን፤ ኋላም ጎረምሶች ሆንን፤ ኋላም እኔ ባንክ ገባሁ። «እማሆይ ደግሞ ጀመሩ» እንባባል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ። በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ሰነድ የሚመዘግብ እጅ ነበረኝ፤ በቤቴ ከእማሆይ አፍ የወጣ አንድ ስም አልመዘገብሁም።

ከጫካው ስንወርድ ብዙም አልተነጋገርንም። ማታ ተራኪዎች ተረት ወደሚያሰሙበት ቤት ሄድን። ካታሪቤ ይሏቸዋል፤ ተረትን በአገሩ ዘዬ የሚያወርሱ ሰዎች ናቸው። ተራኪዋ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው «ሙካሺ አታዙሞና» ብለው ጀመሩ። «ድሮ እንዲህ ነበር አሉ» ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ የቶኪዮን ቋንቋ ቢያውቅም የአገሩ ዘዬ አልገባ ብሎት እኩሌታውን ብቻ ተረጎመልኝ። ሲጨርሱ «ዶንዶ ሃሬ» አሉ። ይህ ቃል የተረት መዝጊያ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ስትባል የኖረች ምላስ በአፌ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ተሰማኝ። ያንን ካልኩኝ ስንት ዓመት ሆነኝ?

በዚያ ሌሊት የያናጊታን መጽሐፍ በእንግሊዝኛው ትርጉም እንደገና ገለጥሁ። ከ119ኙ ተረኮች አንዲቷን እነሆ በራሴ ቃል ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1896 በዚያ የባሕር ዳርቻ ሱናሚ ተነሥቶ 22 ሺህ የሚያህል ሕዝብ ጨረሰ። አንድ የቶኖ አካባቢ ተወላጅ ወደ ባሕሩ ዳር አግብቶ ሄዶ ነበር፤ ሚስቱንና አንድ ልጁን ውሃው ወሰደበት። ከተረፉት ሁለት ልጆች ጋር በቀድሞ ቤቱ ቦታ ጎጆ ሠርቶ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ጭጋግ በጣለበት የጨረቃ ሌሊት ከጎጆው ሲወጣ በባሕሩ ዳር ሁለት ሰዎች ሲሄዱ አየ። አንዷ የሞተችው ሚስቱ ናት። አብሯት ያለው ሰው፣ እሱን ሳታገባ በፊት ትወደው ነበር የተባለው፣ እሱም በዚያው ሱናሚ የሞተ ሰው ነው። «አሁን ከዚህ ጋር ተጋብተናል» አለችው። «ልጆችሽስ አያሳዝኑሽም?» ሲላት ፊቷ ተለወጠ፤ አለቀሰች። አንገቱን ደፍቶ ቀና ሲል ሄደዋል። ጥቂት ከተከተላቸው በኋላ የሞቱ መሆናቸው ትዝ አለውና እስኪነጋ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ታመመ ይላል። አለቀ። አንድም ምክር አልተጨመረበትም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ባሕሩ ያንኑ የባሕር ዳርቻ ዳግመኛ ሲመታው፣ ቶኖ ከተራሮቹ ወዲህ በመሆኗ ከውሃው ተርፋ ነበርና የነፍስ አድን ሠራተኞችና የበጎ ፈቃደኞች መነሻ ሆነች። ወደ ካማይሺና ወደ ሌሎቹ የባሕር ዳር ከተሞች እርዳታ የሄደው በእሷ በኩል ነው። ይህች ዝም ያለች ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት በባሕር የተወሰደባቸውን ሰዎች ሐዘን በተረት ስታስቀምጥ የኖረች ናት። እንደ እኔ ግምት ሐዘኑን ታውቀው ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ልምጣ። ያደርሁበትን ክፍል በር ስከፍት በመቃኑ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች አየሁ። ከጉልበቴ ከፍ ብለው ይጀምራሉ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ እየሆነ ይወጣል፤ በየመስመሩ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል። የልጅ ቁመት የተለካበት ነው። ክፍሉ የባለቤቲቱ ወንድ ልጅ ክፍል እንደ ነበረ በቁርስ ሰዓት ነገሩን። ልጃቸው ሰንዳይ ነው፤ ሴቷ ልጃቸው ቶኪዮ ናት። ለአዲስ ዓመት ይመጣሉ፤ ካልተመቻቸውም ይደውላሉ።

በቶኖ ተረቶች ውስጥ ዛሺኪ ዋራሺ የሚባል የሕፃን መንፈስ አለ። በትላልቅ ቤቶች እልፍኝ ውስጥ ይኖራል፤ እሱ ያለበት ቤት ይከብራል፤ ለቅቆ የሄደ ዕለት ቤቱ ይወድቃል። በዚሁ አገር ደግሞ ዴንዴራኖ የሚባል ሜዳ አለ። በቀድሞ ዘመን ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው ወደዚያ ይላኩ ነበር ይባላል፤ ሞት ቶሎ ስለማይመጣላቸውም ቀን ቀን ወደ መንደር ወርደው በማሳ ሲሠሩ ይውሉና ማታ ወደ ሜዳው ይመለሱ ነበር። ያን ዘመን ሽማግሌው ከመንደር ወጣ፤ በዚህ ዘመን ወጣቱ ወጥቶ ሽማግሌው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ የቶኖ ሕዝብ 25 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዓመት ዓመትም ይቀንሳል። እኔን በጣፋጭ እንቅልፍ ያስተኛኝ ፀጥታ ለእኒያ እናት ልጆች የወጡበት ቤት ነው። «ሰላም» ብዬ ሦስት ጊዜ የጻፍሁት ይህንኑ ነበር። ወረቀቱን ያን ጊዜ ቀደድሁት።

አስተያየቴ ይህ ነው። እኛ ከተማ የምንኖር ግጥም ወዳዶች የገጠሩን ዝምታ እንደ አየር ንብረት ነው የምንጽፈው። ጭጋጉን፣ ወንዙን፣ የማታውን ጭስ እንቆጥራለን። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ማን እንደ ጎደለ አንጠይቅም። ይህን የማደርገው ጃፓን ሄጄ ብቻ ቢሆን ኖሮ በእንግድነቴ ይቅር ይባልልኝ ነበር። ነገር ግን ስለ ወሎ የጻፍኋቸውን ግጥሞች ከተመለስሁ በኋላ አውጥቼ አነበብኋቸው። ሃያ አንድ ናቸው። የምንጭ ውሃ አለባቸው፤ እረኛና ዋሽንት አለባቸው። የአንድ ሰው ስም ግን የለባቸውም።

ይህን ስል የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ሁለቱን ራሴም አስቤአቸዋለሁ። አንደኛው፣ መጻፍም ቢሆን ይቀማል የሚለው ነው። እውነት ነው። ተረኮቹን ለያናጊታ የነገረው ሳሳኪ ኪዜን የተባለ የትሱቺቡቺ መንደር ልጅ ነበር፤ እሱም ደራሲ ለመሆን ቶኪዮ የመጣ ወጣት ነው። ያናጊታ የሰማውን በአገሩ ዘዬ አልጻፈውም፤ በጊዜው ከፍ ባለው የጽሑፍ ቋንቋ አሳጥሮ ጻፈው። ዝናው ለያናጊታ ሆነ። ሳሳኪ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በራሱ እጅ ብዙ ተረት ሰበሰበ፤ የቋንቋው ሊቅ ኪንዳይቺ ኪዮሱኬ «የጃፓን ግሪም» ብሎታል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1933 ሲሞት በችግር ላይ ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ተረት ከተጻፈ በኋላ ሸቀጥ ይሆናል የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ የካፓ ማጥመጃ ፈቃዴ ዛሬም በባንክ ደብተሬ መሐል አለ።

መልሴ አጭር ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት የተሳሳተ ምዝገባ ይታረማል። አሠራሩ አለ፤ ስሕተቱን የሚሽር ሌላ ምዝገባ ይጻፋል፤ ሁለቱም በመዝገቡ ላይ ይቀራሉ። ጭራሽ ያልተመዘገበውን ግን የሚያርመው ሰው የለም፤ መጥፋቱንም የሚያውቅ የለም። ለሳሳኪ ብድሩ አልተከፈለም ብለን ዛሬ የምንከራከረው ነገሩ በመጻፉ ነው። ያች የእንግዳ ቤት እናት ሁለት የማያውቋቸውን ጥቁር ሰዎች ወደ ጫካው የላኩን መነኩሴው በመቅረጹ ነው። የእማሆይን ስሞች በተመለከተ የሚከራከር የለም። ልታረም ብልም የምታረምበት መዝገብ የለኝም።

ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ ሩቅ አገር መሄድ መልካም ነው፤ ዕቁብ የደረሰው ይሂድ። የሄደ ሰው ግን ያየውን ዝምታ ከማወደሱ በፊት በቤቱ ያስቀመጠውን ይጠይቅ። በየቤታችን ቡና ሲፈላ ስም የሚቆጥር አንድ ሰው አለ። «ደግሞ ጀመሩ» የምንለው እሱን ነው። ከእሱ አጠገብ ደብተር ይዞ መቀመጥ ለግጥማችንም ቢሆን ከጭጋግ የተሻለ ስንቅ ይሆናል። በሺንካንሰኑ ባቡር ወደ ቶኪዮ ስንመለስ በቀደድሁት ወረቀት ፈንታ እነዚህን አራት ስንኞች ጻፍሁ፤ ጎደሎነታቸውን ይቅር በሉኝ፦

ፀጥ ያለ አገር አይቼ፣ ሰላም ነው ብዬ ጻፍሁኝ፤
መቃኑ ላይ ያለች መስመር፣ «ልጁስ የታለ?» አለችኝ።
ድንጋዩስ ፊት አግኝቶ፣ በሩቅ አገር ተዘከረ፤
አያቴ የቆጠሩት ስም፣ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ።

የመጨረሻውን ስንኝ ስጽፍ እውነት መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ እናቴ የእማሆይ ታናሽ እህት ደሴ ከልጃቸው ጋር በሕይወት እንዳሉ አስታወሰችኝ። ደወልሁላቸው። «እማማ፣ በሰባ ሰባት በመንገድ የቀሩትን ሰዎች ስም ይነግሩኛል?» አልኋቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያም «ለምን ፈለግኸው ልጄ? መንግሥት ጠይቆህ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ እኔው ልጽፈው ነው» ስላቸው፣ «እንግዲያስ ቀስ ብለህ ጻፍ፤ ዛሬ ሁሉም አይመጣልኝም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። እማሆይ ሲቆጥሩ ከሠላሳ ያላነሱ ነበሩ። እስካሁን በደብተሬ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ናቸው።

ቸር እንሰንብት።